ከቴፒ ለማታውቀው ገዢ
እሷ፦ ቴፒ ያለች ልጅ ኮረሪማ በቴሌግራም መሸጥ ጀመረች እንበል። አዲስ አበባ ያለ፣ አይታው የማታውቀው ሰው «ቶሎ ላኪልኝ» አላት።

እሱ፦ ብሩን ሳይልክ?

እሷ፦ የቴሌብር ደረሰኝ ፎቶ ልኮላታል።

እሱ፦ ፎቶማ ማንም ይሠራዋል! *127# ደውላ የራሷን ሂሳብ ትመልከት። ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃው መናኸሪያ አይሂድ።

እሷ፦ ገዢውስ? እሱም እኮ አያውቃትም።

እሱ፦ ልክ ነሽ። እንግዲያው ግማሹን አስቀድሞ ይላክ፤ ቀሪውን ኮረሪማው ሲመዘንና ሲታሸግ በቪዲዮ አይቶ ይክፈል።

እሷ፦ በደንብ ይድረቅ ግን! እርጥቡ ከታሸገ መንገድ ላይ ይሻግታል።

እሱ፦ በአውቶቡስ ረዳት ብትልከውስ?

እሷ፦ ለዘመድ ይሆናል። ለማታውቀው ሰው ግን ደረሰኝ የሚሰጥ ፖስታ ቤት ይሻላል።

እሱ፦ እስማማለሁ። አድማጮቻችን፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ፤ ገንዘብ ለመቀበል አያስፈልግም።