ከብት በበረዶ አገር



ስለ ከብት እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። ከመካከላችን ላም ያልጠበቀ ጥቂት ነውና አንፈርድባችሁም። የምንናገረው ግን በሰሜን አሜሪካ ስላለው የከብት አገር፥ ስለ ሞንታና ነው። በዚያ ክረምት ማለት እንደ እኛ ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. የሙቀቱ ወራት ደረቅ ሆኖ ሣሩ ሳሳ። ብዙዎቹ ባለከብቶች ከብቱ ራሱን ይመግባል በማለት ድርቆሽ አላከማቹም ነበር። ብርዱ ሲገባ የቀረውን ሣር በረዶ ሸፈነው፤ በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያም ከብቱ በየሜዳው አለቀ። ከባለከብቶቹ አንዱ «ከብቶቼ እንዴት ናቸው?» ብሎ በደብዳቤ ቢጠይቅ፥ ቻርልስ ራስል የተባለ እረኛ አጥንቱ የወጣ በሬ ተኩላዎች ሲጠባበቁት በትንሽ ወረቀት ላይ ሣለ። መልሱ ይኸው ሆነ። እረኛውም በኋላ ስመ ጥር ሠዓሊ ለመሆን በቃ።

ከዚያ ወዲህ ድርቆሽ ማጨድ ተለመደ። ጠዋት የረጋውን የመጠጥ ውሃ ይሰብራሉ፤ ነፋስ የሚመክት አጥር ያቆማሉ፤ ብርድ ሲጠናም ድርቆሹን ይጨምራሉ፤ ድርቆሹ በሆዷ ሲፈጭ ላሚቱን ያሞቃታልና።

እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ጠጉሯ የደረቀና የወፈረ ላም ከዜሮ በታች እስከ 8 ዲግሪ ያህል ያለ ጭማሪ መኖ ትችላለች። ከራሰች ግን በ15 ዲግሪም ይበርዳታል። ታዲያ በሐምሌ ዝናብ ደጅ የምታድረው የደጋ ላማችንስ? ወላጆቻችን ሆይ፥ ለዕረፍት ስንመጣ ለላሚቱ ዳስ መሥሪያ እንጨት ብንለምን አትከልክሉን።