ያልታዩት ጨዋታዎች

(በጂንካ ከተማ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሕዝብ አይቷቸው ስለማያውቅ የቴሌቪዥን ጨዋታዎች ነው። ርእሱን የመረጡልኝ ወዳጄ አንድ ያልታየ የእኔን ሥራ ስለሚያስታውሱ ይመስለኛል። ሥራው የተቀረጸው እዚሁ ጂንካ ነበርና ወደ እርሱ መምጣቴ አይቀርም።

እንደሚታወቀው የጥያቄና መልስ ውድድርም ሆነ ሌላ የጨዋታ ፕሮግራም ለሕዝብ ከመቅረቡ አስቀድሞ የሙከራ ቀረጻ ይደረግለታል። መድረኩ ይሠራል፤ ተወዳዳሪው ይቀመጣል፤ ጭብጨባው ይሰማል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሰናዳው ለጥቂት ሰዎች ዓይን ነው፤ ይኸውም ለጣቢያው ኃላፊዎችና ወጪውን ለሚሸፍነው ድርጅት። ሽልማቱም ብዙውን ጊዜ ለይስሙላ ነው። ይህን እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በእንቆቅልሽ የተረታ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ተቀባዩም አገሩን ከተረከበ በኋላ ራቱን በልቶ ይተኛል። ልዩነቱ በእንቆቅልሽ ጊዜ ሰጪውም ተቀባዩም ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ማወቃቸው ነው። በሙከራ ቀረጻ ላይ ግን ይህን የሚያውቀው አንዳንድ ጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ሙከራ የሚጠቅምበትን መንገድ ለማሳየት አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሜርቭ ግሪፊን የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅ «ሾፐርስ ባዛር» የሚል ጨዋታ በሙከራ አስቀረጸ። ተወዳዳሪዎች የተሰወረ ቃል ፊደል በፊደል ይገምታሉ፤ የገንዘቡን መጠን የሚወስነው ሽክርክሪት ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። ቀረጻው ለሕዝብ ሳይቀርብ ቀረ። አዘጋጆቹ ግን አልተዉትም፤ ሽክርክሪቱን አጋደሙት፤ ተወዳዳሪው በገዛ እጁ እንዲያዞረው አደረጉ፤ ስሙንም ለወጡ። በ1974 እንደገና ሞከሩት። በ1975 መጀመሪያ «ዊል ኦቭ ፎርቹን» ተብሎ ወጣና እስከ ዛሬ ይታያል። የወደቀው ቀረጻ ባይኖር ኖሮ የሚታየው ባልተገኘ ነበር።

ጉድለቱ በዝግ ቤት ሳይሆን በሕዝብ ፊት የተገለጠበት ጨዋታ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በመስከረም ወር 1956 እ.ኤ.አ. ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው ጣቢያ «ትዌንቲ ዋን» የሚባል የጥያቄ ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያው ምሽት ውድድር ያልተቀባባ እውነት ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄውን በተደጋጋሚ እየሳቱ ምሽቱ አሰልቺ ሆኖ አለፈ፤ ወጪውን የሚከፍለው የመድኃኒት ድርጅትም ተቆጣ። ከዚያ በኋላ አዘጋጁ ዳን ኤንራይት ጥያቄውንም መልሱንም ለተወዳዳሪዎች አስቀድሞ መስጠት፣ ላባቸውን እንዴት እንደሚጠርጉ ሳይቀር ማስጠናት ጀመረ። ኸርበርት ስቴምፕል የሚያውቀውን መልስ እንዲስት ታዘዘና ተሸነፈ። ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር 129,000 ዶላር አሸነፈ፤ በኖቬምበር 2 ቀን 1959 ግን በአሜሪካ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ፊት ቆሞ ማታለሉን አመነ። በ1960 እንዲህ ያለውን ተንኮል የሚከለክል ሕግ ወጣ። (የእኛ አገር ቴሌቪዥን በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከዚያ ኑዛዜ ወዲህ ልክ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቢሆንም ዘወትር ይታወሰኛል።)

አሁን ወደ ጂንካ ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ የደቡብ ኦሞን ተማሪዎች የሚያወዳድር ጨዋታ በሙከራ ቀረጽን። ሐሳቡ መልካም ነበር። በዚህ ምድር ያለው የቋንቋ ብዛት በሌላ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም፤ አሪ፣ ሐመር፣ ማሌና ዲሜ ከኦሞአዊው ወገን፣ ዳሰነች፣ ፀማይና ኤርቦሬ ከኩሻዊው፣ ሙርሲ፣ ቦዲና ኛንጋቶም ከናይሎ ሳሃራዊው ወገን ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ መድረክ ላይ እናሳያለን አልን። ጥያቄው ግን በአማርኛ ነበር፤ ቀድሞ ደወሉን የተጫነ ይመልሳል።

የሆነውን ትገምቱታላችሁ። የከተማው ልጆች ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን ይጫናሉ። ከቆላ የመጡት ደግሞ ጥያቄውን በልባቸው ወደ ቋንቋቸው መልሰው እስኪጨርሱ ሌላው መልሶ ያበቃል። የለካነው ዕውቀትን ሳይሆን አማርኛ የመስማትን ፍጥነት ነበር። ይህን ግን በዚያች ሰዓት አላስተዋልሁም። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ስለሚደበድብ ሐሳቤ ሁሉ በድምፁ ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አንድ የዳሰነች ልጅ ቀድሞ ደወለ። ጥያቄው የኦሞ ወንዝ የሚገባው ወደ የትኛው ሐይቅ ነው የሚል ነበር። ልጁ ያደገው ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አገር ነውና ፈገግ ብሎ መለሰ፤ ውኃውን የጠራው ግን የገዛ ወገኖቹ በሚጠሩት ስም ነበር። ዳኛው እኔ ነበርሁ። በእጄ በያዝሁት ወረቀት ላይ «ቱርካና» ተብሎ ተጽፏል። «አልተመለሰም» አልሁ። ይህን ሐይቅ በ1888 እ.ኤ.አ. ቴሌኪ የተባለው የሀንጋሪ መንገደኛ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ በሩዶልፍ ስም ሰይሞት ነበር፤ ቱርካና የተባለው በ1975 በኬንያ መንግሥት ነው። ልጁ የመለሰው በውኃው ዳር የሚኖር ሰው የሚያውቀውን ስም ነበር። አዳራሹ ሳቀ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ደወሉን አልነካም።

ማታ በሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንመክር ከአዘጋጆቹ አንዱ መፍትሔ አመጣ። በማግስቱ ድጋሚ ቀረጻ ስላለ፣ ጥያቄዎቹን ለቆላዎቹ ልጆች ዛሬውኑ እንስጣቸው አለ። «ይህ ማታለል አይደለም፤ ደግነት ነው» ብሎም ጨመረበት። የኒው ዮርኩን ታሪክ በሚገባ የማውቅ ሰው ነበርሁ፤ ሆኖም አልተቃወምሁም። ዝም አልሁ። ነገሩ በርኅራኄ ስለመጣ እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ሥራው እንዲታይልኝ እፈልግ ነበር። ወረቀቱ ለልጆቹ እንዲደርስ ለመምህራቸው ተላከ። መምህሩ ግን ሳያነቡት መለሱልን። «እኒህ ልጆች የሚያውቁትን በሚያውቁበት ቋንቋ ጠይቋቸው፤ ካላወቁ ይሸነፉ» የሚል ቃል ላኩብን።

በማግስቱ በአስተርጓሚ ቀረጽን፤ ደወሉንም አነሣነው። ውድድሩ ዘገየ፤ ነገር ግን ከሙያዬ ዘመን ሁሉ የዚያን ቀን ዓይነት ጸጥታ አላየሁም። ከአንዱ ልጅ አፍ የወጣው መልስ በሌላው ቋንቋ እስኪደርስ መላው አዳራሽ ይጠብቅ ነበር። የቀደመው ቀን ልጅ ግን ታምሜአለሁ ብሎ አልመጣም።

ሁለቱም ቀረጻዎች ቀርበው ታዩ፤ መልሱም በሁለት መስመር መጣ፤ «ፍጥነት ይጎድለዋል» የሚል ነበር። በዚህ አልፈርድም፤ የእነርሱ ሥራ መወሰን ነው። የምፈርደው በራሴ ላይ ነው። ልጆቹ «የምንታየው መቼ ነው?» እያሉ ሲጠይቁ «በቅርቡ» ብዬ ነበር። ሙከራ መሆኑን፣ ምናልባትም ማንም እንደማያያቸው አልነገርኋቸውም። ካሴቶቹንም ቅጂ አላስቀረሁላቸውም፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ዝግጅት ተቀረጸባቸው። በዚህስ ብቻችንን አይደለንም፤ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የታየው የመጀመሪያው «ጄፐርዲ» አብዛኛው እንዲሁ ጠፍቷል። ጠፋ የሚባለው ግን ሰው ያየው ነገር ነው፤ የእኛን ያየው አልነበረም።

ዛሬ የሙከራ ቀረጻ የሚያሰናዱ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ለተወዳዳሪዎቹ አስቀድማችሁ እውነቱን ንገሯቸው፣ የመጓጓዣና የቀን ወጪያቸውን ክፈሏቸው፣ ለትምህርት ቤታቸውም አንድ ቅጂ ተዉላቸው እላለሁ። በዳኛው ወረቀት ላይ ደግሞ የቦታው ስም በነዋሪው ቋንቋ ይጻፍ።

ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ ጂንካ መጥቼ መምህሩን በቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። ስለ ካሴቱ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ማመካኛዬን ሳሰናዳ፣ እርሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነበር። «ለመሆኑ ያቺ የሐይቁ ነጥብ ተያዘችለት?» አሉኝ።

አልተያዘችለትም።