የሚስጥር ቁጥሩ የእማማ ነው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ እናትና አባቶቻችን ስልክ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እስቲ ስሙኝ።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዚያን ጊዜ ወጣት ፊደል ይዞ ወደ ገጠር ወረደ። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ስለዚያ ሥርዓት የፈለጋችሁትን በሉ፤ ግን በጣት አሻራ ሲፈርሙ የኖሩ አባቶችና እናቶች ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ። አስተማሪው እኮ ጽፎላቸው አልሄደም፤ እርሳስ አስይዞ አስጻፋቸው።

አሁን ወደየቤታችን እንምጣ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የመብራት ክፍያው፣ ከዓረብ አገር የሚላከው ብር፣ ሁሉም ስልክ ውስጥ ገብቷል። እማማስ? «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ይላሉ። ስልኩን ትቀበላለህ፤ የሚስጥር ቁጥራቸውን በቃልህ ታውቀዋለህ፤ ጠቅ ጠቅ አድርገህ ትመልስላቸዋለህ። ረዳኋቸው ትላለህ።

እውነቱን እንነጋገር። የሚስጥር ቁጥር የዘመኑ ፊርማ ነው። አንተ ከፈረምክላቸው ወደ ጣት አሻራ መልሰሃቸዋል። ነገ ለሥራ ራቅ ብለህ ስትሄድ ማን ይፈርምላቸዋል? ጎረቤት? የሱቁ ልጅ? ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ ብሩም አብሮ ይዞራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስልኩን ከእጃቸው አትንጠቁ። በአፍ ምሩ፤ እነሱ ይጫኑ። ቢሳሳቱ አትሳቁ። እናንተ መራመድ ስትለምዱ ስትወድቁ ማን ሳቀባችሁ?

ሁለተኛ፣ ስልኩን አመቻቹላቸው። ፊደሉን አተልቁት፤ ቋንቋውን ወደሚያነቡት ቀይሩት። ሥራ ያጠነከረው ጣት አጥብቆና አቆይቶ ይጫናል፤ ስልኩ ደግሞ ሲቆዩበት ሌላ ነገር ይከፍታል። «ነካ አድርገው ይልቀቁ» በሏቸው።

ሦስተኛ፣ በሚወዱት ጀምሩ። ቤሩት ላለችው ልጃቸው የድምፅ መልእክት መላክ ፊደል ለማያውቁም ይቻላል። እሱን ሲለምዱ ፍርሃቱ ይለቃቸዋል። ቴሌብሩ ከዚያ ይቀጥላል፤ በቁልፍ ስልክም ቢሆን *127# ደውለው ያለ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ።

አራተኛ፣ ስለ ሌባ ሳትደብቁ ንገሯቸው። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ደዋይ አለ። «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚልም አለ። ሁለት ነገር አስይዟቸው። የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ ለእኔ ለልጅዎም ቢሆን። ብር ገባ የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ አስቀድመው ቀሪ ሂሳባቸውን ራሳቸው ይዩ።

አንድ ቀን አይበቃም። ዛሬ የለመዱትን ነገ ይረሱታል። እሱም ያለ ነው፤ ደግማችሁ አሳዩ። ቡና ሲፈላ አሥር ደቂቃ አይጠፋም።

አገር እወዳለሁ የሚል ወጣት ከቤቱ ይጀምር። በዚህ ሳምንት አንድ እናት ወይም አንድ አባት ያዙ። ቁጥራቸውን የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ራሳቸው እንዲቀይሩት አድርጉ፤ እነሱ ሲያስገቡም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ።

ለጓደኞቻችሁ አጋሩት። ቸር ያቆየን!