ድመት የራሷን ልጅ ከባዳ ልጅ ትለያለች?



ጥጃ የሞተባት ላም አልታለብም ትላለች። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። የሌላ ላም ጥጃ ቢያቀርቡላት ትራገጣለች፤ ስለዚህ የሞተው ጥጃዋ ቆዳ ገለባ ተሞልቶ ፊቷ ይቆምላታል፤ እሱን እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። በግም ከላሟ ብዙ የተለየች አይደለችም። በወለደች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የግልገሏን ጠረን ትይዛለች፤ ከዚያ በኋላ ባዳ ግልገል ጡቷን ቢጠጋ በግንባሯ ትመታዋለች። ምክንያት አላት። ግልገሉ በተወለደበት ዕለት ቆሞ ይሄዳል፣ ከመንጋው ይቀላቀላል፤ ካልለየችው ወተቷን ሌላው ይጠባዋል።

ዛሬ የምናገረው ግን እዚህ ካምፓላ፣ ኡጋንዳ፣ በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች በሀገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ጓሮ ስለምትዞረው ድመት ነው። ርእሱ ለዲስኩር አነሰ የሚል ይኖራል፤ ለእኔ አላነሰም።

የድመት ልጅ ሲወለድ አያይም፣ አይሰማም። ዐይኑን የሚገልጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሽንቱን እንኳ በራሱ አይሸናም፤ እናቱ ሆዱንና መቀመጫውን ስትልሰው ነው የሚወጣለት። ያንንም እዚያው ልሳ ታጸዳለች፤ ጎጆዋ እንዳይሸትና ጠላት እንዳይጠራባት ነው። ሰው ካወቀባት ልጆቿን አንድ በአንድ ማጅራታቸውን በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ስርቻ ታዛውራለች። የተሸከመችው ልጅ የኋላ እግሮቹን ሰብስቦ፣ ጅራቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ዝም ይላል። ቢንፈራገጥ ልትጥለው ትችላለች።

እንዲህ ያለ ልጅ የትም አይሄድም። ጎጆዋ ውስጥ የተገኘው የእሷ ነው፤ ታዲያ መለየቱ ምን ያደርግላታል? ሮቢን ሃድሰንና ባልደረቦቿ ሜክሲኮ ውስጥ ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን በ2017 አሳትመዋል። የራሷንና የባዳ ልጆችን ከጎጆው ውጭ ሲያስቀምጡላት እናቲቱ ሳታዳላ ሁሉንም ሰበሰበች። ጠረን ብቻ ሲያቀርቡላት ግን የባዳውን ከራሷ ልጆች ለየችው። አፍንጫዋ ያውቃል፤ ነገር ግን ባወቀችው አትፈርድበትም። የላሟን ነገር ላየ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ይልቅ ያወቁትን በተግባር የሚያሳዩት ልጆቹ ናቸው። በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እያንዳንዱ የሚመርጠውን ጡት ይይዛል፤ ዐይኑ ሳይከፈት ወደዚያው ይመለሳል። አራት ሳምንት ሲሞላቸው ደግሞ የእናታቸውን ጥሪ ከሌላ እናት ጥሪ ይለያሉ።

አሁን ወደ ካምፓላ። ድመት ወንድ የምትፈልገው ቀን ሲረዝም ነው፤ በአውሮፓ ክረምት ቀኑ ሲያጥር መራቢያዋ ያርፋል። ካምፓላ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዕረፍት የለም። እርግዝናው ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ነው። በየትኛውም ወር ጓሯችሁ ውስጥ የምታጠባ ድመት ብትገኝ አይገርምም።

ብቻቸውን የሚጮኹ የድመት ልጆች ስታገኙ ቶሎ አታንሷቸው። እናትየው ምናልባት አይጥ ፍለጋ ወይም ገበያ ውስጥ የወዳደቀ ሙኬኔ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ልትለቅም ሄዳ ይሆናል። የሰው እጅ ከነካቸው ትጥላቸዋለች የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ልታዛውራቸው ግን ትችላለች። ቦዳ ቦዳ በሚባለው የሞተር ታክሲ ተገጭታ ከሞተች የላም ወተት አትስጧቸው፤ ለእነሱ ፕሮቲኑ ያንሳል፣ ሆዳቸውንም ያስቀምጣቸዋል። በዕድሜ የሚቀራረቡ ልጆች ያሏት አጥቢ ድመት ፈልጉ። ከዚያ በፊት ልጁን ደረታችሁ ላይ ይዛችሁ አሙቁት፤ የበረደው ልጅ መጥባትም መፍጨትም አይችልም። እናቲቱ ምግብ ላይ ሳለች ከልጆቿ መካከል አስገቡት። ስትመለስ ታሸተዋለች፤ ባዳ መሆኑን ታውቃለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን መላስ ትጀምራለች።