ዳገትና ጉልበት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በፈረንሳይ አልፕስ ውስጥ ጋሊቢዬ የሚባል የተራራ በር አለ። የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በዚያን ጊዜ መንገዱ 2,556 ሜትር ከፍታ ላይ በተቆፈረ ዋሻ ያልፍ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ኤሚል ዦርዤ ሲሆን፣ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ወጥተዋል። ዛሬ መንገዱ በአናቱ 2,642 ሜትር ይደርሳል።

ደብረ ታቦር የተቆረቆረችው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአልፕስ ሐውልት የቆመለት ከፍታ በበጌምድር ተማሪ በየማለዳው የሚመላለስበት፣ ገበያተኛ አህያውን የሚነዳበት ነው። ከባሕር ዳር የተነሣ ብስክሌተኛ የፎገራን ሜዳ ያለ ችግር አቋርጦ ወረታ ሲደርስ፣ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራውን የወልድያ መንገድ ይይዛል። ከዚያ በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር እስኪገባ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከከተማው ወዲያም ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጉና ይጠብቀዋል። አየሩም ይሳሳል፤ በደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ልብና ሳንባ ያንኑ ሥራ በጎደለ ስንቅ ይሠራሉ ማለት ነው።

ዳገትን የሚያቀል ብልሃት ሁለት ነው፤ አንደኛው በብስክሌቱ፣ ሁለተኛው በመንገዱ ላይ ይገኛል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ የማርሽ መቀየሪያን ለጉልበተኛ የማይገባ መደገፊያ ቆጥሮት ነበርና፣ በውድድሩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ማርሽ ከፍታውን አይቀንስም፤ በአንድ ርግጫ የሚጠየቀውን ኃይል ግን ይቀንሳል። ጥምዝምዝ መንገድም የሚሠራው ይህንኑ ነው። መንገድ ቀያሹ ማርሹን በምድር ላይ ይዘረጋዋል።

ይህን ጥበብ የደብረ ታቦር ሰው ከብስክሌት በፊት ያውቀዋል። በጋፋት እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስጠረጉ፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከመቶ አሥር በሆነ ዳገት ላይ፣ የመንኰራኩሩ ሰበቃ ሳይቆጠር፣ 7 ቶን ወደ ኋላ የሚስበው በ700 ኪሎ ክብደት ነው። ዳገቱ ከመቶ አምስት ሲሆን ስበቱ ወደ 350 ይወርዳል፤ መንገዱ ግን እጥፍ ይረዝማል። በዚያ ሠራዊት ዘንድ የአንድ እጥፋት አቀያየስ የብዙ ሰው ትከሻ ጉዳይ ነበር። ኋላም የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ በዚያው መንገድ ተጠቅሟል።

ዛሬ መንገድ ቀያሹ የሚያስበው ሞተርን ነው። ሞተር ዳገትን ይታገሣል፤ በወረቀት ላይ ከመቶ ሁለት የጨመረ ተዳፋት ለከባድ መኪና ጥቂት ነዳጅ ነው። እንጨት ለተሸከመች እናት ግን ጉልበት ነው፣ ለብስክሌተኛ ተማሪም ትንፋሽ። በቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑ የጋለ የጭነት መኪና ከኋላው ሲመጣ፣ ብስክሌተኛው ዘወር የሚልበት የመንገድ ትከሻ ከሌለ ምርጫው ገደሉ ወይም ጎማው ይሆናል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችዋን ይዛ ሜልቦርን ሄዳለች። በ2016 ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከጉና ሥር ሌላ ፅጋቡ ይነሣ እንደሆነ የሚወሰነው በልጁ ሳንባ ብቻ አይደለም። በደኅና ሊለማመድበት የሚችል አንድ ሜትር ተኩል ትከሻ በንድፉ ላይ መሰመሩም ድርሻ አለው።

በጋፋት ዘመን የመንገዱን ዳገት የሚለካው የጎታቹ ትከሻ ነበር። የዛሬው መሐንዲስ መለኪያው በእጁ ነው፤ የእግረኛውንና የብስክሌተኛውን ትንፋሽ በሒሳቡ ውስጥ ማግባት ግን የሙያው ግዴታ ነው።