ማሽኑ ሳያረጅ ድጋፉ ሲያረጅ፦ የኮምፒውተር ባለቤትነትና የኮሎራዶ የጥገና መብት ሕግ

በሊትልተን፣ ኮሎራዶ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። በማግሥቱ በሊትልተንም ሆነ በአውሮራ በየቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች እንደ ወትሮው ተከፈቱ። አንድም ብሎን አልላላም፤ አንድም ቺፕ አልተቃጠለም። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፦ ከዚያ ቀን በኋላ በስርዓተ ክወናው ውስጥ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ፣ መድፈኛው ለተራው ባለቤት እንደ ቀድሞው ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ሁኔታ አይደርሰውም።

ለዚህ የተሰጠው መልስ «ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻገሩ» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ቢመስልም በር ላይ ዘበኛ አለው። በኦክቶበር 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር ለገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ቲ ፒ ኤም 2.0 እንዲኖራቸው ያዘዘው ራሱ ማይክሮሶፍት ነበር። ስለዚህ በ2017 የተገዛ ጥሩ ላፕቶፕ የሚፈለገው ቺፕ በውስጡ እያለ፣ ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ትውልድ በመሆኑ ብቻ ከዝርዝሩ ውጭ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኩባንያው በ2021 ዝርዝሩን ሲከልስ ከሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ 7-7820 ኤች ኪው የተባለውን ፕሮሰሰር ጨመረ። ይህ ፕሮሰሰር ማይክሮሶፍት ራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ብሎ በሚሸጠው ውድ ኮምፒውተር ውስጥ ይገኝ ነበር። ከሰባተኛው ትውልድ የተገኙ እጅግ ብዙዎቹ ወንድሞቹ ግን በር ላይ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ፍተሻውን ማለፊያ የሚሆን ቅንብር በገጹ አውጥቶ፣ በዚህ መንገድ የሚሻገር ሰው ማሻሻያ የማግኘት መብት እንደማይኖረው አስጠነቀቀ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ማሽኑ ስርዓተ ክወናውን መሸከም እንደማይችል አይደለም፤ ማሽኑ እንዲሸከም የማይፈልግ ውሳኔ እንዳለ ነው።

በእርግጥ እውነተኛ ገደብም አለ። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም እጅግ የቆዩ ፕሮሰሰሮች የሌሏቸውን መመሪያዎች ስለሚጠቀም በእነዚያ ላይ ጨርሶ አይነሣም። ያ የሲሊከን ገደብ ነው፤ ማንም ሊከራከረው አይችልም። ችግሩ ሁለቱ ገደቦች፣ ማለትም የማይቻለውና ያልተፈቀደው፣ ለገዢው በአንድ ቃል መነገራቸው ነው። ማያ ገጹ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ «ኮምፒውተርዎ መስፈርቱን አያሟላም» ይላል። ባለቤቱም ዕቃው የተበላሸ ይመስለውና ወደ መደብር ያመራል።

የአፕል ታሪክ ከዚህ የተለየ ቢሆንም ወደ ተመሳሳይ ጥያቄ ያደርሳል። አፕል ከ1995 ጀምሮ ሌሎች ኩባንያዎች የማኪንቶሽን ስርዓተ ክወና የሚያስኬዱ ማሽኖች እንዲሠሩ ፈቅዶ ነበር፤ በ1997 ስቲቭ ጆብስ ሲመለስ በሩ ተዘጋ። በ2006 አፕል ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሲዞር የእርሱ ማሽንና የጎረቤቱ ማሽን በውስጣቸው በጣም ተቀራረቡ፤ ማክ ኦኤስን በሌላ አምራች ኮምፒውተር ላይ የሚጭኑ፣ ሥራቸውንም «ሃኪንቶሽ» የሚሉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ በዙ። የፍሎሪዳው ሳይስታር ኩባንያ በ2008 ይህንኑ ለንግድ ሲያውለው አፕል ከሰሰው፤ በ2009 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለአፕል ፈረደ፤ በ2011 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። የአፕል የፈቃድ ውል ስርዓተ ክወናው የአፕል ምልክት ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲጫን ያዛል። በማይክሮሶፍት በኩል ያለው ክልከላ ስለ ድጋፍ ነው፤ በአፕል በኩል ያለው በውሉ ውስጥ የተጻፈ ነው። ልዩነቱ መዘንጋት የለበትም፤ ለቤተሰብ ወይም ለማኅበር ሃኪንቶሽ መምከርም ተገቢ አይደለም።

ነገር ግን አፕል በገዛ ደንበኞቹ ላይ ያደረገው ልብ ይባል። ከኢንቴል ወደ ራሱ ፕሮሰሰር መዞር የጀመረው በ2020 መጨረሻ ነው። ከ5,999 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ የነበረውን የኢንቴል ማክ ፕሮ እስከ ጁን 2023 ከመደርደሪያው አላነሣም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2025፣ ታሆ የተባለው እትም ለኢንቴል ማሽኖች የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቀ። የደኅንነት ማሻሻያ ለተወሰኑ ዓመታት እንደሚቀጥል ቢናገርም፣ ስድስት ሺህ ዶላር የከፈለ ሰው በግዢው ቀን ይህን የሚነግረው ወረቀት በሳጥኑ ላይ አልነበረም።

ስድስት ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው ሌላም መክፈል ይችል ይሆናል። ጉዳዩ የሚከብደው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚኖረው ላይ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ኮምፒውተር ለመዝናኛ ብቻ አይደለም የሚፈልጉት። የኢሚግሬሽን ማመልከቻው፣ የግብር ሰነዱ፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላከው ገንዘብ፣ ሁሉም በአንዲቱ ማሽን ያልፋል። አዲስ መጤ ቤተሰብ ይህችን ማሽን የሚያገኘው ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ ወይም ከአሮጌ ዕቃ መደብር ነው። ድጋፍ ሲቆም የመጀመሪያው ባለቤት አዲስ ይገዛል፤ አሮጌው ወደ ታች ይወርዳል። አደጋውም አብሮት ይወርዳል። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ማሽን ቀዳዳው ሳይደፈን የሚቀረው መክፈል በማይችለው ቤት ነው።

ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ፤ ፊደሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ በዊንዶውስ ውስጥ ኒያላ የተባለው ፎንት ከነሥርዓቱ አብሮ የመጣውም ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በየራሳቸው ፎንት የተጻፉ የዕድርና የቤተ ክርስቲያን መዛግብት፣ የሠርግ ጥሪዎችና የጋዜጣ ቅጂዎች፣ የጻፋቸው ፕሮግራም በሌለበት ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ስለዚህ በየምድር ቤቱ ያለች አሮጌ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ቆሻሻ አይደለችም። ከመጣሏ በፊት በውስጧ ያለው ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ይኖርበታል።

«አሮጌ ማሽን አደገኛ ነው» የሚለው የአምራቾች ክርክር ባዶ አይደለም። ቲ ፒ ኤም የምስጠራ ቁልፎችን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ላፕቶፕ ቢሰረቅ መረጃውን ለመጠበቅ ይረዳል። ሆኖም ቺፑ የሌለው ነገር ግን ወቅታዊ ማሻሻያ የሚያገኝ ማሽን፣ ምንም ማሻሻያ ከማያገኝ ማሽን የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው። ምርጫው በቀረበበት መንገድ ደኅንነት አዲስ ማሽን የሚገዛ ሰው ዕጣ ሆነ።

ማሻሻያውን ማዘጋጀት ይቀጥላል ወይ ለሚለው ጥያቄም መልሱ የታወቀ ነው፤ ይቀጥላል። በፋብሪካና በመሣሪያዎች ውስጥ ለሚሠራው፣ ኤል ቲ ኤስ ሲ ለሚባለው የዊንዶውስ 10 እትም ማይክሮሶፍት እስከ ጃንዋሪ 2032 ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገብቷል። ድርጅቶች ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ እጥፍ እየከፈሉ እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥላሉ። ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ዶላር ያገኛሉ። በአሜሪካ ያለ የቤት ተጠቃሚ 30 ዶላር ከፍሎ፣ ወይም ቅንብሮቹን ወደ ኩባንያው ደመና አስገብቶ፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ አንድ ዓመት ይገፋል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ያለው ግን የሸማቾች ማኅበራት ስለተከራከሩለት ያለ ክፍያና ያለዚያ ግዴታ ያገኘዋል። መድፈኛው አንድ ነው፤ የሚሰፈረው ግን በብዙ ቁና ነው።

ከኩባንያዎቹ ፈቃድ ውጭ ያለው ጎዳና ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በራሱ ባለ 386 ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ላይ የጀመረው ይህ ስርዓተ ክወና ለ386 የሚሰጠውን ድጋፍ የተወው በ2012 መጨረሻ ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ዛሬም የ2012 ላፕቶፕ በቀላሉ ያሠራል። ለአማርኛ እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ ነጻ ፎንቶች አሉት፤ በድምፅ የሚጻፍበት የአማርኛ ኪቦርድም ከቅንብሩ ይገኛል። ጉግልም በ2022 ክሮም ኦኤስ ፍሌክስን በማውጣት ስርዓተ ክወናውን ሆን ብሎ በሌሎች አምራቾች አሮጌ ማሽኖች ላይ እንዲጫን አዘጋጀ፤ ይህም ባለ ስርዓቱ ከፈለገ በሌላ ሰው ማሽን ላይ መሥራት የማይቻል እንዳልሆነ ራሱ ምስክር ነው። የዚህ ጎዳና ጉድለት ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጭነውና ለእናቱ ሊያስተምር ይገባል። በአንድ የግብር ፕሮግራም ወይም በአንድ አታሚ ምክንያት ወደ ኋላ የሚመለሰው ብዙ ነው።

ወደ ኮሎራዶ ሕግ እንምጣ። ይህ ግዛት በጥገና መብት ከሌሎች ቀድሞ የሄደ ነው። በ2022 በሞተር ለሚሄዱ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ በ2023 ለእርሻ መሣሪያዎች በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ሕጎች አወጣ። በሜይ 2024 ገዥው ጃሬድ ፖሊስ የፈረሙት ኤች ቢ 24-1121 መብቱን ወደ ስልክና ኮምፒውተር አሰፋው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና ሰነድ በፍትሐዊ ዋጋ ማቅረብ አለባቸው፤ መለዋወጫን በሶፍትዌር ከዋናው ማሽን ጋር ቆልፎ ጥገናን ማሰናከልም ተከልክሏል። ነገር ግን ሕጉ ስለ ስክሪንና ስለ ባትሪ ብዙ ሲናገር፣ ማሽኑ በስርዓተ ክወና እጦት ሲሞት ዝም ይላል። የሊትልተን ጠጋኝ የተሰበረ ስክሪን የመቀየር መብት አግኝቷል፤ ስክሪኑ የተቀየረለት ኮምፒውተር ግን ማሻሻያ ሊነፈገው ይችላል። ከ2013 ጀምሮ ኮሎራዶ ኮምፒውተርን ወደ ቆሻሻ መጣያ መጣል ከልክላለች። የመጣል ክልከላ እንጂ ዕድሜ የማራዘም ግዴታ ስለሌለ ሸክሙ በባለቤቱና በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ያርፋል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት ደረጃ መንገድ ያሳያል፤ ጉድለቱንም ጭምር። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ጀምሮ ለሚቀርቡ ስማርት ስልኮች ሽያጭ ካቆመ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት የስርዓተ ክወና ማሻሻያ እንዲሰጥ ደንግጓል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች አምራቾች ድጋፉ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ እንዲገልጹ አስገድዳለች፤ የሚያስገርመው ተራ ላፕቶፕና ዴስክቶፕን ከሕጉ ውጭ ማድረጓ ነው። አምፖሉ የማብቂያ ቀን ሲኖረው ኮምፒውተሩ የለውም።

ለኮሎራዶ የሚመከረው ከዚህ ይነሣል። ኮምፒውተር ሲሸጥ፣ አዲስም ይሁን ታድሶ የቀረበ፣ የደኅንነት ማሻሻያው የሚያበቃበት ቀን በሳጥኑና በመደርደሪያው ላይ ይጻፍ። ድጋፉ ሲያበቃ አምራቹ ባለቤቱ የፈለገውን ስርዓተ ክወና እንዲጭን የሚያግድ ቁልፍ ካለ ይክፈት። ግዛቱና የትምህርት ዲስትሪክቶቹ በግዢ ጨረታቸው የድጋፍ ዘመንን እንደ ዋጋ ይቁጠሩ። ይህ የመጨረሻው አዲስ ሕግ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ ውጤቱም ታይቷል። በ2023 የሸማቾች ተሟጋቾች ስለ ትምህርት ቤት ክሮምቡኮች አጭር ዕድሜ በጮኹ በወራት ውስጥ፣ ጉግል ከ2021 ወዲህ ለወጡት ማሽኖች የአሥር ዓመት ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብቷል።

አምራቹን ለዘላለም ድጋፍ ማስገደድ ግን ሊጠየቅ አይገባም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ረቂቁን በመጀመሪያው ችሎት ይገድለዋል፤ ትናንሽ አምራቾችንም ይጎዳል።

የኮሎራዶ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ ለ120 ቀናት ብቻ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተመራጭ በአንድ ጉባኤ በመደበኛው ደንብ ማቅረብ የሚችለው አምስት ረቂቅ ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጉባኤው መክፈቻ በፊት ይያዛሉ። ስለዚህ በሊትልተንም ሆነ በአውሮራ የሚኖር ሰው የወረዳውን ተመራጭ የሚያነጋግርበት ወቅት በጋውና መኸሩ ነው። ይዞ የሚሄደውም ረጅም ጽሑፍ መሆን የለበትም፤ የገዛበትን ደረሰኝ፣ የማሽኑን ሞዴልና «መስፈርቱን አያሟላም» የሚለውን ማያ ገጽ ፎቶ ቢይዝ ይበቃል።