አስቴር ጋኖ፤ ቃል ያወረሱ እናት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በወለጋ ባላገር ቤት፣ ማታ እሳት ዳር ሂቦ የምትጠይቀው፣ ተረት የምትነግረው፣ መንገደኛውንም አብልታ የምታሳድረው አያት ናት። ቤቱ የአባወራው ይባል እንጂ የቤቱ ቃል የእርሷ ነው። እንዲህ ያለች እናት ስታርፍ ደግነቷ በለቅሶው ሰሞን ይወሳል፤ ያወረሰችው ቃል ግን በማን ስም ሊጠራ እንደሚገባ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። የዛሬው ንግግር መታሰቢያነቱ ከእነዚህ እናቶች ለአንዷ ነው፤ ለዚያውም ቤተሰባቸው በአንድ አጥር ላልተወሰነ እናት።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከነፃ ሰው ቢወለዱም በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረጉ። ኋላም ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ባሕር ላይ ያዟት። ነፃ የወጡት ልጅ በምፅዋ አጠገብ በሚገኘው በእምኩሉ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተጠጉ። ከወላጅ ቤት ያተረፉት ሀብት ቢኖር በጆሯቸው ሰምተው በአፋቸው የያዙት ቋንቋ ብቻ ነበር። ቸርነታቸውም የሚለካው በዚህ ነው፤ የሰጡት ከተረፋቸው ሳይሆን ከቀራቸው ነውና።

በእምኩሉ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመመለስ ላይ ነበሩ። ኦነሲሞስ ስዊድን ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ይሁንና ከእናታቸው የተነጠቁት ገና በሕፃንነታቸው ስለ ነበረ፣ ከእናት አፍ የሚለቀመው ቃል ሁሉ አልሞላላቸውም ነበር። ወጣቷ አስቴር ግን ለቋንቋው ልዩ ስሜት እንዳላቸው አስተዋሉ። ስለዚህም መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱ ሥራ ለአስቴር ተሰጠ፤ በ1893 የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳንም የታረመው በዚሁ መዝገብ እየተረዳ ነው።

መሐንዲስ የሆነ ሁሉ የዚህን ሥራ ጠባይ ያውቀዋል። ሕንፃ ሲመረቅ የሚታየው ፊቱ ነው፤ አፈሩን የመረመረው፣ መሠረቱን ያስቆፈረው ሰው በዚያ ዕለት አይጠራም። መዝገበ ቃላትም የመሠረት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቃል ከትዝታ ተቆፍሮ መውጣት፣ መፈተን፣ ከሚመስለውም ቃል መለየት አለበት፤ ተርጓሚው በላዩ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

አስቴር በዚህ አላበቁም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ተረጐሙ። 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ጻፉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። በዚያ ዘመን ለሕፃናት ማንበቢያ የአገራቸውን ሂቦና ተረት ማቅረብ ታላቅ ማስተዋል ነበር። ልጁ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አዲስ አድርጎ አይማርም፤ ነገሩን አያቱ አስቀድማ ነግራዋለችና።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊስ አገር፣ በሳንክት ክሪሾና፣ በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። በርእስ ገጹ ላይ የተርጓሚነቱ ስም የኦነሲሞስ ነው። የኦነሲሞስን ድካም ማሳነስ ግፍ ይሆናል፤ ሆኖም አስቴር በሥራው የነበራቸው ድርሻ በተለምዶ ከሚነገረው በላይ መሆኑን የታሪክ መርማሪዎች ደርሰውበታል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ስም ቢጻፍ ወረቀቱ አይጠብም ነበር።

በ1904 አስቴርና ኦነሲሞስ ከሌሎች ኦሮሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ተመለሱ። በነቀምት የተቀበሏቸው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ያለው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በመኪና በአንድ ቀን ያልቃል፤ በዚያ ጊዜ ግን ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወለጋ መድረስ እግርንና በቅሎን የሚጠይቅ ረጅም ጉዞ ነበር። ለአስቴር ደግሞ ጉዞው ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ከምዕራቡ አገር ሲወጡ ሊሸጡ ነበር፣ ሲመለሱ ሊያስተምሩ ነው። ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ፤ እርሳቸውም በነጆ መምህርት ሆኑ።

ሥራው ተቃውሞ አላጣውም፤ ኦነሲሞስ እንዳይሰብኩ የተከለከሉበት ጊዜ ነበር። እርሳቸው በ1931 ነቀምት ላይ ሲያርፉ፣ አስቴር ግን የጠላትን ወረራና ድሉን አይተው፣ እስከ 1964 ቆዩ።

ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በመሆኑም የዛሬው የነቀምት ተማሪ የ1894ቱን መጽሐፍ ቢያገኝ፣ ቃሉን በእናቱ ቋንቋ፣ ፊደሉን ግን በአማርኛ ትምህርቱ ይለየዋል። እነዚያ ሂቦዎችና ተረቶች እንደገና በሚታተሙበት ጊዜ «ሰብሳቢ፦ አስቴር ጋኖ» የሚል አንድ መስመር ከላያቸው ቢታከል፣ ለአሳታሚው የሚያስከትለው ወጪ የለም።